በሦስት ቀን የጠቆረ ዘይት

«ዘይቱን ሸጦታል። ሞተር እንዲያው በደህና ቀን አይሞትም» አለች ሥርጉት። ወንዳወቅ ገና ከአልጋው አልወረደም። መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ ጭቃ ተመርጎ ኖራ የተቀባ ስስ ነገር ስለሆነ፣ እኅቱ ከመሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ጋር የምታወራው ሁሉ ትራሱ ሥር ያለ ያህል ይሰማዋል። «ያን የመሰለ ሲንቴቲክ ዘይት! አንዱ ጀሪካን የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ የወጣበት! ከባሕር ዳር አስመጥቼ ሰጠሁት። ቡሬ ላይ ለሌላ ሹፌር ቸብችቦ በበርሜል የሚቸረቸረውን ጥቀርሻ ሞላበት። ሌላ ምን ይሆናል አባ?» መሪጌታ ሳል ይዟቸው ቆዩና፣ ሳይሰሙት በሰው ላይ እንደማይፈረድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእነ አቶ ንብረት ጋር መጥተው እንደሚቀመጡ፣ እስከዚያ ድረስ ወንዳወቅ ሞተሩን አስከፍቶ እንዲያየው ተናገሩ። «እሱ የተማረው ይኸንኑ አይደል?» አሉ። «እሱማ የተማረው ከዓለም ሊቃውንት ዘንድ ነው» አለች ሥርጉት። ወንዳወቅ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

የሚወራበት ሰው ደረሰ ነው፤ በዚህ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት መሪ የያዘ ሹፌር። የወንዳወቅና የሥርጉት አባት አሮጌውን የጭነት መኪና ገዝተው ፍኖተ ሰላም ሲያስገቡ የነዳው እሱ ነበር። አባት ሲሞቱ አስከሬናቸውን ከሆስፒታል ያመጣው እሱ ነው። ወንዳወቅን ከነፍራሹና ከነሣጥኑ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰውም እሱ ነው። መኪናው ከአምስት ቀን በፊት ከቡሬ ሃምሳ ኩንታል በቆሎ ጭኖ ሲመለስ፣ ከተማው መግቢያ ላይ ሞተሩ እንደ መዶሻ ይንኳኳ ጀመር። ደረሰ ወዲያው ቢያቆመውም አልተረፈም፤ ተጣብቆ ቀረ። ሹፌር በዚህ አገር ከመንጃ ፈቃዱ ይልቅ በስሙ ይኖራል። ዘይት ሸጠ የተባለ ሰው ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቡሬ ይደርሳል፤ ከቡሬም ወዲያ ይሻገራል። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ለዚህ ሰው ቁልፍ የሚሰጥ ባለ መኪና አይኖርም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚዳኘው እንግዲህ ይህ ስም ነበር።

ቁርስ ላይ እኅትና ወንድም ብዙ አልተነጋገሩም። ሥርጉት እንቁላሉን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት፤ እሱ መልሶ ወደ እሷ ገፋው። ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ቼክ አገር አራት ዓመት ሲማር የቆየው ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ እንዴት እንደሚበላ፣ ዘይትስ በመካከላቸው ገብቶ እንዴት እንደሚያስታርቃቸው ነበር። ሥርጉት ለሰው ሁሉ «ዶክተሩ ወንድሜ» ትላለች። ዶክትሬቱን ሳይጨርስ ጥሎት እንደመጣ አልነገራትም። እሷም መቼ ትመለሳለህ ብላ አልጠየቀችውም። አንዳንድ ጊዜ ሳትጠይቀው የምትቀረው ስለምታውቅ እንደሆነ ይጠረጥራል። «ምንም ቢሆን ያየኸውን ብቻ ነው የምትናገረው» አለችው ሲነሣ፤ ዓይኗ ግን ሰሐኑ ላይ ነበር።

ጋራዡ በቡሬ መውጫ ላይ፣ ከቆርቆሮ አጥር በስተጀርባ ያለ ዘይት የጠጣ ግቢ ነው። ባጃጁ ወንዳወቅን ደጃፉ ላይ ሲያወርደው፣ ደረሰ ቀድሞት ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ክንዱ የሚባለው መካኒክ ከመኪናው ሥር ነበር፤ የሚታዩት እግሮቹ ብቻ ናቸው። «ዶክተር ና ግባ! ካልሲህን ግን ተሰናበታት!» ሲል ጮኸ። ወንዳወቅ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተንፏቆ ገባ። ክንዱ የዘይቱን ቋት አውርዶ፣ ዘይቱን በሳፋ አጠራቅሞ፣ ሞተሩ ዘይት የሚመጥባትን መዳፍ የምታህል ወንፊት በባትሪ እያበራ ያያት ነበር። ወንፊቷ አትታይም። ጥቁር፣ ቅርፊት ቅርፊት ያለ፣ እንደ ጠላ አተላ የተጋገረ ነገር ደፍኗታል።

ወንዳወቅ ጣቱን ሳፋው ውስጥ ነክሮ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸው። ቀጭን ነው፤ አልወፈረም፣ አልሻከረም። አሸተተው። ይህን ሽታ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ያውቀዋል፤ አራት ዓመት ሙሉ እጁ ላይ አድሯል። የበርሜል ዘይት አይደለም። ደረሰ አንዲት ጠብታ አልሸጠም። ክንዱ በመፍቻው ጫፍ ቅርፊቱን እየጫረ ይስቅ ነበር። «አየኸው? የሃያ ዓመት እድፍ ነው። የበርሜሉ ዘይት ሲቃጠል ሞተሩ ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ፣ እየተለጠፈ፣ እሱም ለምዶት፣ እንደ ቁስል ቅርፊት ይዞት ይኖር ነበር። አሁን ይህ ጮማ ዘይት መጣና አጠበው! ሽማግሌን በክረምት ከነነፍሱ አጥበህ ብርድ እንደማስመታት ነው። እድፉ ተፈንቅሎ ወረደና ጉሮሮውን አነቀው። ዘይት ሞልቶ ሳለ በጥማት ሞተ በለው።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መጥፎ ዘይት ሆኖ አይደለም እኮ፤ አዲስ ሞተር ቢሆን ዕድሜውን እጥፍ ያደርገው ነበር። እንዲህ ያለውን ግን በሁለትም በሦስትም ቀን ማፍሰስ ነው፣ እንደገና መሙላት፣ እንደገና ማፍሰስ፣ እስኪጠራ። ያንን የነገራቸው የለም» አለ።

የነገራቸውስ ነበር፤ ተቃራኒውን። ወንዳወቅ ከመኪናው ሥር እንደተጋደመ ያንን የክረምት ቀን አስታወሰ። ኢንተርኔት ስላልነበረ ሥርጉት በቀጥታ መስመር ደውላ፣ ሞተሩ እንዳያረጅብን ምን እናድርግለት ብላ ጠየቀችው። እሱም ሲንቴቲክ ግዙ፣ ዐሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ እንዳትነኩት አላት። ከሳምንት በኋላ በዚያው ቁጥር የመጣው የደረሰ ድምፅ ነበር፤ እየተቆራረጠ። «ወንዴ፣ ይኸ ዘይት በሞላነው በሦስት ቀኑ ጠቆረ። ሬንጅ ሆነ። የሞተሩም ድምፅ አላማረኝ። ላፍስሰው?» ያን ጊዜ ወንዳወቅ የቆመው ቤተ ሙከራው ኮሪደር ላይ ነበር፤ ወለሉ የተወለወለ፣ መስኮቱ ሰፊ። ሳቀ። «ጋሽ ደረሰ፣ ጠቆረ ማለት እኮ እየሠራ ነው ማለት ነው። አይንኩት። ጆሮዎን ሳይሆን ቁጥሩን ይመኑ።» ያለው ሁሉ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው። ዘይቱ የጠቆረው በእርግጥም እያጠበ ስለነበር ነው። ነገር ግን እሱ ያጠናቸው ሞተሮች ሁሉ ንጹሕ ተወልደው ንጹሕ የሚሞቱ ነበሩ፤ የታጠበው እድፍ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም።

ከሥር ሲወጣ ደረሰ ጎማው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ወንዳወቅ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ደረሰ የዘይቱን ሳፋ ከሩቅ አየት አድርጎ፣ «ያው ነው አይደል? እሷ ያመጣችው» አለ።

«ያው ነው፣ ጋሽ ደረሰ።»

«እንግዲያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያየኸውን ተናገር። ሌላ የምለምንህ የለኝም።» ስለ ስልኩ አንድም ቃል አላነሣም። ይህ ዝምታው ከወቀሳ ይልቅ አቃጠለው። ሰውየው ራሱን ማዳኛ የሚሆነውን ነገር ይዞ፣ ባለቤቱ ራሱ ያንሣው ብሎ እንደ አደራ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ነበር።

ወንዳወቅ ወደ ቤት በእግሩ ሄደ። ገበያው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ጋሪዎች ከባጃጆች ጋር ይጋፋሉ፤ አንዲት ሴት በርበሬዋን ተወደደ ካሏት ሰዎች ጋር ማዳበሪያው ስንት እንደገባ እያነሣች ትከራከራለች። በየመንገዱ የሚያውቁት ሰዎች ቆብ እያነሱ «እንዴት ዋልክ ዶክተር» ይሉታል። በሆዱ ግን ሌላ ሙግት ይዞ ነበር። የመምጠጫ ፓምፑስ ቀድሞ አርጅቶ ቢሆን? ብረቱ ቀድሞ ተበልቶ ቢሆንስ? አንድ ሞተር ከፍቶ ምክንያቱ ይህ ነው ማለት ይቻላል? ለአስተማሪው እንዲህ ያለ ድምዳሜ ቢያቀርብለት በቀይ ይሰርዝበት ነበር። ይህን ሲያስብ ደረቱ ቀለል አለው፤ የቀለለውም ለምን እንደሆነ ያውቃል። ሰው እውነትን በውሸት ብቻ አይሸፍንም፤ በጥንቃቄም ይሸፍናል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎኑ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፦ መሪጌታ፣ እህል ነጋዴው አቶ ንብረት፣ ሌላ አንድ ጆሯቸው የደከመ አዛውንት። በግድግዳው ላይ ወንዳወቅ ጥቁር ካባ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ በወርቃማ ፍሬም ተሰቅሏል፤ ሥርጉት ለሽማግሌዎቹ የሰጠቻቸው ሶፋ ልክ ከፊቱ ነው። ደረሰ ሶፋው ላይ ቦታ እያለለት በሩ ሥር ካለች በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጠላ ተቀዳ። ስለ ናፍጣ መጥፋት፣ ስለ መንገዱ መዘጋትና መከፈት፣ ስለ በቆሎ ዋጋ ብዙ ተወራ። ዋናውን ነገር ማንም አልነካውም፤ ነገር እንደ ትኩስ ገንፎ ከዳር ከዳር ነው የሚበላ። በመጨረሻ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጃችን፣ ሞተሩ ምን አለህ?» አሉት።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ሥርጉት ማሰሮውን እንደያዘች ቆመች። የወንዳወቅ ድምፅ እሱ ከሚፈልገው በላይ ቀጥኖ ወጣ። «ዘይቱ… ያው ዘይት ይመስላል። በመሣሪያ ካልተመረመረ ግን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሞተሩ ያረጀ ነው። ምክንያቱ አንድ ላይሆን ይችላል።»

አቶ ንብረት ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «ሰማችሁ? ይመስላል አለ እንጂ ነው አላለም። ጨዋ ልጅ ነው፤ የሰው ገመና በአደባባይ አይገልጥም።»

«ኧረ እንደሱ ማለቴ…»

«ቆይ ልጄ፣ በዚሁ እንቋጨው» አሉ መሪጌታ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ደረሰ፣ ሰው ባያምንህ ታቦቱ ያምንሃል። ከዚህ መኪና የወጣ ዘይት፣ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ደጄን አልረገጠም ብለህ በሚካኤል ማል። ከማልክ በኋላ ቀና ብሎ የሚያይህ የለም።»

ደረሰ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። የሚምል መስሏቸው አዛውንቱ ጆሯቸውን አቀኑ። «ይቺን አልምልም አባ» አለ።

በዚህ አገር መኪና ዘይት ሲቀይር የተቃጠለው ዘይት የሹፌሩ ነው። ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ምስጥ እንዳይበላው የቤቱን ምሰሶና የአጥሩን ግንድ ይቀባበታል፤ መዥገር የያዘውን በሬም ያሽበታል። ይህንን የማያውቅ እዚያ ሳሎን ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። «ደጄንማ ረግጧል» አለ ደረሰ። «ሃያ ሦስት ዓመት የተቃጠለውን እየወሰድኩ የቤቴን ምሰሶ ቀብቻለሁ። የርስዎንም አጥር፣ አባ። አቶ ንብረትም ለመጋዘንዎ ሁለት ጀሪካን ወስደዋል። ደጄን አልረገጠም ብዬ በሚካኤል ስም እንዴት ልማል?»

«የተቃጠለውን ማን ጠየቀህ?» አሉ አቶ ንብረት። «ስለ አዲሱ ነው።»

«እንግዲያው ቃሉን ያስተካክሉትና አዲሱን ብዬ ልማል።»

አቶ ንብረት ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሐላ እንደ ገበያ በግ ዋጋው አይከራከሩበትም ወንድሜ። ንጹሕ ሰው የተሰጠውን ይምላል።» መሪጌታም በታቦቱ ስም አንዴ ያወጡትን ቃል መልሰው መሸራረፉ ነውር ሆነባቸው። ጆሯቸው የደከመው አዛውንት ብቻ «ማለ እንዴ? ማለ?» ይሉ ነበር።

ወንዳወቅ ተነሣ። ሲነሣ ጉልበቱ ጠረጴዛውን ገጭቶ ጠላው ፈሰሰ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ዘይቱ አልተሸጠም። በእጄ ነክቼዋለሁ፣ አሽትቼዋለሁ፤ እኔ ግዙ ያልኩት ዘይት ነው። የቆየውን እድፍ አጥቦ አወረደና የሞተሩን ጉሮሮ ደፈነው። ጋሽ ደረሰ በሦስተኛው ቀን ጠቁሯል፣ ላፍስሰው ብለው በስልክ ጠየቁኝ። አይንኩት አልኳቸው። ሳቅሁባቸው። ቢያፈሱት ኖሮ መኪናው ዛሬ መንገድ ላይ ነበር።» ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናግሮ ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ የሚወርድበትን ስድብ ለመቀበል ቆመ።

የመሪጌታ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። «ይኸ ነው ትምህርት ማለት!» አሉ። «አያችሁ ትሕትና? የአባቱ ሹፌር በሰው ፊት እንዳይዋረድ ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ ጫነ። አባትህ ዛሬ ከመቃብር ሆኖ ኮራ ልጄ!»

«አባ፣ እውነቴን ነው! ራሳቸውን ይጠይቋቸው!»

«ብሏል» አለ ደረሰ በዝግታ። «እንዳለው ነው።»

«አንተማ ብሏል ትላለህ» አሉ አቶ ንብረት፤ ጆሯቸው የደከመው አዛውንትም ምን እንደተባለ ሳይሰሙ ሳቁ። ወንዳወቅ እየማለና እየተገዘተ በጮኸ መጠን ምርቃቱ በረታ። ዘይት የሚያጥብ መሆኑን፣ እድፍ የሚያንቅ መሆኑን በእጁ ጭምር አስረዳ፤ እነሱም የተማረ ሰው ለደካማ እንዴት እንደሚሟገት እያዩ ተደነቁ። ሥርጉት የፈሰሰውን ጠላ በጨርቅ ትጠርግ ነበር። ፍርዱ አጭር ሆነ፦ ነገሩ ወደ ሕግ አይሄድም፤ ስለ ዶክተሩ ልመና ሲባል ደረሰ ምንም አይከፍልም፤ ይቅርታ ጠይቆ፣ ቁልፉን አስረክቦ፣ በሰላም ይሰናበት። ደረሰ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ይቅርታውን አልጠየቀም። «ንጋቱ እስኪጠራ ለሚደርስበት ዕድሜ ይስጠው፣ አባ» ብሎ ወጣ።

ወንዳወቅ መንገዱ ላይ ደረሰበት። ደረሰ ወደ መናኸሪያው የሚሄድ ጋሪ አስቁሞ ነበር፤ ባለ ጋሪው ፈረሱን ይዞ ሁለቱን በጉጉት ያያል። ወንዳወቅ ነገ ወደ ወረዳ እንደሚሄድ፣ ዘይቱን አስመርምሮ በጽሑፍ እንደሚያመጣ፣ መካኒኩን ክንዱን ምስክር እንደሚያቆም ይለፈልፍ ጀመር። ደረሰ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ አስቆመው።

«በጠዋቱ ብትናገረው ኖሮ ምስክር ነበርክ» አለ። «መሐላውን እምቢ ካልኩ በኋላ ስትናገረው ተመራቂ አደረጉህ።» ጋሪው ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ባፈስሰው እውነት ይድን ነበር?»

«ይድን ነበር።»

«እንግዲያው ጆሮዬ ልክ ነበረ።» ይህንን ሲል ፊቱ ላይ የታየው ደስታ ይሁን ሌላ ነገር ወንዳወቅ ሊለየው አልቻለም። ባለ ጋሪው ፈረሱን ሸንቆጥ አደረገው።

ሲመለስ ሽማግሌዎቹ ሄደዋል። መንገዱ ሳይዘጋ ወደየቤታቸው ለመግባት ቸኩለዋል። ሥርጉት ዋንጫዎቹን ግቢ ውስጥ በቢጫ ሳፋ ታጥባለች። ወንዳወቅ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ነገ ሄዳ ለሽማግሌዎቹ እንድታስረዳለት፣ እሷ ብትናገር እንደሚያምኗት፣ ያለው ሁሉ እውነት መሆኑን በአባታቸው አጥንት እየማለ ነገራት። ሥርጉት አላቋረጠችውም። የመጨረሻውን ዋንጫ አጥባ ደፋችው።

«አትማል» አለች። «ያን ቀን ስልኩን ይዤለት የነበርኩት እኔ ነኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ነው ያነጋገረህ። አይንኩት ስትል ሰምቻለሁ። ስትስቅም ሰምቻለሁ።»

ወንዳወቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ ሸጦታል ያልሽው…»

«አባባ የተዉልኝ ያ መኪና ነበር። ሞተ። ከመኪናው የቀረኝ አንተ ነህ፤ ያ መኪና ያስተማረህ አንተ። መኪናውን የገደለው ዶክተሩ ነው ሲባል በየገበያው ልስማ?» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ። «ደረሰ አገር ያውቀዋል፤ ያልፍለታል። አንተን ገና ማን ያውቅሃል?»

ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። መብራት አበራች። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋውን ስታስተካክል፣ ሳህን ስታቀርብ ተሰማው። ከጎረቤት የሬዲዮ ድምፅ ይመጣል። ትንሽ ቆይታ እራት መቅረቡን ተናገረችና ማስታጠቢያውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ወንዳወቅ ለረጅም ጊዜ አልተነሣም። ውኃውን ይዛ ጠበቀችው። ተነሣ፤ እጁን ዘረጋ፤ ጥፍሮቹ ሥር የገባው ጥቁር ዘይት እንዲለቅ ሁለት ጊዜ በሳሙና አሸው። ከዚያ ገብቶ ከእኅቱ ፊት ለፊት ተቀመጠና በላ።